የጎማ ሸንጎ በአዳማ

አዳማ ላይ ስለ ጎማ አስተያየት የሌለው ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ትናንት ማታ የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ጥያቄያችሁን በደንብ አልሰማም። ስለ ፖለቲካ ሲጠየቅ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ስለ ኳስ ሲነሣ «እኔ አላይም» የሚል፣ የጎረቤቱን ክፉ የማያወጣ ሰው ከተማችን ሞልቷል። ጎማ ላይ ግን ዝም የሚል የለም። አይፈረድብንም። ከአሰላ የሚወርደው፣ ከድሬዳዋና ከጅቡቲ የሚመጣው፣ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚንደረደረው ሁሉ እዚህ ይቆማል፤ ምሳውን ይበላል፤ ከመነሣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ይመታል። ምቱ ምን እንደሚነግረው ያስረዳኝ ሾፌር እስካሁን የለም። መትቶ ራሱን ነቅነቅ ሳያደርግ የሄደም አላየሁም። ይህንን እያየን ስላደግን፣ ዛሬም የቆመ መኪና አጠገብ ስናልፍ እግራችንን ያሳክከናል።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ከሚኒሶታ ለገና መጥቶ፣ ሻንጣውን ከፍቶ፣ በፎጣ የተጠቀለለች በሪሞት የምትነዳ መኪና ሲያወጣ፣ ነገሩ ወደ ሰፈር ሸንጎ እንደሚያመራ ወዲያው ታወቀኝ።

«ቆንጆ አሻንጉሊት ናት» አልኩት።

«አጎቴ፣ አሻንጉሊት አይደለችም» አለኝ ቅር ብሎት። «አንድ አሥረኛ ናት።»

የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ማለቱ ነው። ዋጋዋን ሲነግረኝ ግን እዚያ ላይ አሥር ቦታ መካፈሉን እንደረሱት ገባኝ። የምትሄደው በባትሪ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በቤተሰባችን ውስጥ ሕጉን አሟልቶ የገባ ተሽከርካሪ እሷ ብቻ ናት። እናቴ ይህንን ስነግራት «ታዲያ ሰው ትጭናለች?» አለችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

በራችን ላይ አወጣናት። ልጁ ሪሞቱን ጫን ሲያደርግ የኋላ ጎማዎቿ ተሽከረከሩ፣ አቧራው ተነሣ፤ ሲረጋ መኪናዋ ካስቀመጥናት ቦታ ብዙም አልራቀችም፤ ፊቷን ግን ወደ እኛ አዙራለች። ደገመው። አሁንም ዞረች። የሰፈሩ ልጆች «ትጨፍራለች!» ብለው አጨበጨቡላት። የወንድሜ ልጅ በሚኖርበት ከተማ ተወዳድሮ ዋንጫ የበላ ነው፤ እኛ ደጅ ላይ የዘፈን ክሊፕ ሠሪ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱ ጎማው ነበር። ሚኒሶታ ክረምቱ በረዶ ነው፤ ልጆቹ የሚወዳደሩት አዳራሽ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ነው። ለምንጣፍ የሚሠራ ጎማ ጥርሱ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክሩን እየነከሰ ይሄዳል። አዳማም ምንጣፍ አለ። ያለው ግን እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ እንኳን መኪና ጫማም አይገባም።

ውጭ ያለው መሬት ሌላ ታሪክ አለው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠናል፤ ቦሰትን ጨምሮ ዙሪያችንን ያሉት ተራሮች በየዘመናቸው እሳት ሲተፉ የኖሩ ናቸው። ያኔ የተፉት አመድና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ነው ዛሬ ከጫማችን ላይ የምናራግፈው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከሥር ያለው መሬት ደርቆ ይጠነክራል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ልም አቧራ ይተኛል። ንፋሱም አርፎ አይቀመጥም። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ ለእይታ አልቆሙም። አንዷ እመቤት ደጇን ጠርጋ ቀና ሳትል የላይኛው ሰፈር አቧራ ይወርድላታል። መጥረጊያ ነጋዴ ሆኖ የከሰረ አዳሜ ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁም ነገር ላስገባ። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ጥርስ ባይኖረው ይሻለዋል፤ የፎርሙላ አንድ መኪኖች ምንም ጥርስ በሌለው ልሙጥ ጎማ የሚበሩት፣ ላስቲኩ በሙሉ ገላው መንገዱን እንዲነካ ነው። ልቅ አፈር ላይ ይህ አይሠራም። ላስቲኩ አፈሩን ቢይዝም፣ አፈሩ የሥሩን አፈር አይዝም፤ የሚሸሸው መሬቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ረዘም፣ ራቅ ራቅ ብሎ፣ አቧራውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት መቧጠጥ አለበት። ጥርሶቹ ከተጠጋጉ አቧራው በመካከላቸው ይታጨቅና ጎማው ምላጭ ያለፈበት ይመስል ይለሰልሳል። የወንድሜ ልጅ ይህንን ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩም ያውቃል፤ ግን ልጁን ከመስማቱ በፊት የራሱን ተናግሮ መጨረስ አለበት።

መጀመሪያ የሄድነው ጎሚስታው ዘንድ ነው። ጎሚስታችን የተከበረ ሰው ነው፤ የሲኖትራክ ጎማ ብቻውን አውርዶ ብቻውን ይሰቅላል። ትንሿን ጎማ መዳፉ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት።

«ስንት አየር ነው የምትወስደው?»

«አየር የላትም» አለ ልጁ።

«ታዲያ ምን አላት?»

«ስፖንጅ።»

ጎሚስታው ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ስለ ፍራሽ ነው እንዴ የሚያወራው?»

ልጁ እውነቱን ነው። እነዚህ ጎማዎች ንፋስ አይሞሉም፤ ቅርጻቸውን የሚይዝላቸው ውስጣቸው ያለው ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ሲለሰልስ ጎማው በጎርበጥባጣ መሬት ላይ ይታጠፋል፣ ይለጠፋል፤ ሲጠነክር ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎማው ሲጨመቅ ውስጡ ያለው አየር የሚወጣበት ደቃቅ ቀዳዳ ቸርኬው ላይ ይበሳል። ይህንን ቀዳዳ ለጎሚስታው ሳንነግረው ቀረን። እሱም የሙያውን አደረገ፤ ጎማዋን ከነቸርኬዋ ገንዳው ውስጥ ነከራት። አረፋ ተንቡልቡሎ ወጣ። ፊቱ በራ።

«ሁለት ቦታ ተበስታለች! አሜሪካ ድረስ ሄዳችሁ የተበሳ ጎማ ይሸጡላችኋል፣ እኛን ታማላችሁ።»

«ጋሼ፣ ቀዳዳው ሆን ተብሎ...» አለ ልጁ።

«ሆን ተብሎ የሚበሳ ጎማ የለም። ሚስማር ነው።»

ለጠፋት። አራቱንም ለጠፋቸው። ለሥራውም ለባጃጅ ጎማ የሚያስከፍለውን አስከፈለን፤ «ትንሽ ስለሆነች ዓይን ታደክማለች» ብሎ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ስትሄድ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ መውጫው ደግሞ ታሽጓል። እናቴ በርበሬዋን ባሰጣችበት ሸራ ጥግ ላይ ጎማዎቹን አብረን አሰጣናቸው። ጎረቤታችን ዘው ብላ ገብታ በርበሬውን ገለጥ ገለጥ እያደረገች ቆየችና፣ «ይሄኛው ደግሞ የየት አገር ዘር ነው?» ብላ አንዷን አነሣች።

ባለጋሪው ግን የተለየ ሰው ነው። ስለ ጎማዋ ከመናገሩ በፊት መኪናዋ ስትዞር ቆሞ ተመለከታት። ፈረሱም ተመለከታት።

«ጎማዋ ምንም አልሆነም» አለ በመጨረሻ። «የኔ ጋሪ ጎማ መላጣ ነው፤ ከአሮጌ መኪና የወረደ። ግን ተንሸራትቶ አያውቅም። ለምን? የኔ ጎማ ሥራው መንከባለል ብቻ ነው። መሬት የሚቧጥጠው ፈረሱ ነው። የእናንተዋ ኮቴ የላትም።»

በዕድሜዬ ስለ ጎማ ከሰማሁት ሁሉ የጠራው ንግግር ይህ ነው። የሚገፋ ጎማና የሚንከባለል ጎማ አንድ አይደሉም። የሰፈራችን ልጆች የሽቦ መኪና ጎማው ከሲሊፐር ሶል የተቆረጠ፣ ሲያጡም ቆርኪ ነው፤ በአቧራው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሞተሩ ልጁ ስለሆነ። ባለጋሪው ንግግሩን ጨርሶ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣና የመኪናዋ ጀርባ ላይ አሰረ። «ኋላዋ ቀልሏታል። ሱታ፣ ጉርባ! ቀስ አድርገህ ንዳ።»

ልጁ ቀስ አድርጎ ነዳ። መኪናዋ ተነሣች! ክብደቱ የኋላ ጎማዎቹን መሬት ውስጥ ስለተጫናቸው ያዙ። ቀጥ ብላ ሄደች፤ ልጆቹ ጮኹ፤ የወንድሜ ልጅ መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ እሷ ቀጥ ብላ መሄዷን ቀጠለች፤ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ያው ቀጥ፤ ቦዩ ውስጥ ገባች። ኋላዋ ሲከብድ ፊቷ ቀልሎ ነበር።

«መታጠፍ የልጓም ጉዳይ ነው፤ እኔን የጠየቃችሁኝ ስለ ኮቴ ነው» አለ ባለጋሪው፤ ጋሪው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ኋላዋ የሚገፋ መኪና ልጓሟ የፊት ጎማዋ ነው። በዓለም ላይ በአፈር ሜዳ የሚወዳደሩት እንዲህ ያሉት መኪኖች የፊት ጎማቸው በአብዛኛው ጥርስ የለውም፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የዞሩ መስመሮች ናቸው ያሉት። መስመሮቹ ወደ ፊት ለመግፋት አያገለግሉም፤ መሪው ሲዞር ግን አፈሩን በጎን ይቆርጣሉ። ለኋላው ጥርስ፣ ለፊቱ መስመር። ባለጋሪው እዚህ ላይ የደረሰው የነዚህን የአንድ አሥረኛ የአፈር መኪኖች የዓለም ሻምፒዮና ሳያይ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ነው፤ የመጀመሪያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴል ማር ላይ ተደረገ። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያዋን ባለ ሪሞት መኪና በ1976፣ ለአሸዋና ለአፈር የሚሆኑትን በ1979 ማውጣቱን ለእናቴ ስነግራት፣ «ስለዚህ ይህንን ያህል ዓመት የቀለዱት ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ቁጥር አሳምኗት አያውቅም።

በልጅ መጫወቻ ጎማ ትልቅ ሰው መጨነቁ ለሚያስቀው ሁሉ ግን አንድ መልስ አለኝ። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት የሚኖር ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ባለሦስት እግር ብስክሌት ያለው ልጁ በድንጋይ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭበት አይቶ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. አየር የተሞላ የላስቲክ ቱቦ በጎማዎቹ ዙሪያ ጠቀለለለት፤ በሚቀጥለው ዓመት በስሙ አስመዘገበው። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ያንኑ ሐሳብ በ1845 አስመዝግቦ ኖሮ የደንሎፕ መብት በኋላ ተሻረበት፤ ስሙን ግን ማንም አልሻረበትም። እንግዲህ ዛሬ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጅቡቲ የሚንጋጋው የከባድ መኪና ጎማ ሁሉ ሥራ የጀመረው፣ አንድ የፈረስ ሐኪም ለልጁ መጫወቻ ሲጨነቅ ነው። እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ቡና ስንጠጣ ሳቅ ሲበዛብኝ ደንሎፕን እጠራለሁ። አይረዳኝም፤ ግን እጠራዋለሁ።

የባጃጁ ሾፌር ምክር አጭር ስለነበር ልለፈው ብዬ ነበር፤ ግን ፍትሕ አይሆንም። የራሱን የፊት ጎማ እያሳየ «ጋሼ፣ መላጣ ጎማ ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል» አለ። ፍሬን ሲይዝስ? «ፍሬን የሚይዘው ፊት ያለው ሰው ነው፤ ያየኝ ሁሉ ይቆማል።» ቀጥሎ አንድ ተሳፋሪ ጠራውና አቧራውን ፊታችን ላይ በትኖልን ሄደ። ጎማው በቅጡ ይዞለታል ማለት አልችልም፤ በጎን ነው የሄደው።

ሸንጎው ሳይጠራት የገባችው ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ረከቦቷን ከማውጣቷ በፊት አቧራው እንዲተኛላት ውሃ ትረጫለች። የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን እየነዱ ሳያስቡት እዚያ እርጥብ መሬት ላይ ደረሱ፤ መኪናዋ በዚያው በምንጣፍ ጎማዋ ቀጥ ብላ ያዘች። የወንድሜ ልጅ ዓይኑ ፈጠጠ። በውጭ አገር የአፈር ውድድር ሜዳ ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው እንዳለ፣ ሥራውም ትልቅ ሥራ እንደሆነ ነገረን፤ ትንሽ እርጥበት አፈሩን ከአፈር ጋር ያያይዘዋል። ሲበዛ ጭቃ፣ ሲያንስ አቧራ። ቡና ሻጯ ልኩን ለዓመታት ታውቀዋለች፤ ሲኒዎቿ መሃል መኪና ሲያልፍ ግን የምትረጨው ውሃ አቅጣጫውን ቀየረ። ሜዳው ተዘጋ።

በመጨረሻ የዳንነው በበረባሶ ሠሪው ነው። በእኛ አገር ጎማ አይሞትም፤ ወጥቶ ይሠራል እንጂ። መኪና ላይ ሲያረጅ ጋሪ ላይ ይወጣል፣ ጋሪው ሲጠግበው ለጫማ ይቆረጣል፤ የተረፈው የውሃ መቅጃ ባልዲ፣ የጭነት ማሰሪያ፣ ልጆች በእንጨት እየመቱ የሚያሽከረክሩት ይሆናል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተመሠረተው የጫማ አምራች ሶልሬብልስ ይህንኑ የጎማ ሶል ይዞ የዓለም ገበያ ሲገባ ፈረንጆቹ ተደነቁ፤ በረባሶ ሠሪያችን አልተደነቀም። እሱ ጎማ ሲያይ የሚያየው እግር ነው፤ ዳገት የሚወጣ እግር፣ ገበያ የሚሄድ እግር። ምንም አልጠየቀንም። ጎማዋን ለካ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላይ ጥርስ ጥርሱን በስለት ገረፈ፣ ማስቲሽ ቀብቶ በምንጣፍ ጎማዋ ላይ ዙሪያውን አጣበቀው። ውበት የለውም። ወደ ዋናው መንገድ ዳር ወስደን ስንለቃት ግን አቧራውን ወደ ኋላ እየወረወረች ሄደች። የብስክሌት ላስቲክ ደረቅ ስለሆነ መታጠፊያው ላይ ትንሸራተታለች፤ ማስቲሹም በፀሐይ ሲሞቅ ይለቃል። ነገር ግን ሄደች፤ ጎሚስታው ድረስ ሄደች፤ ጎሚስታውም አይቶ «ያ ልጥፌ ያዘ አይደል?» አለ።

ልጁ ከጀመረ አያቆምም። አባቱ በመንገደኛ ሻንጣ ለልቅ አፈር የሚሆኑ ጎማዎች ላከለት፤ የኋላው ረጅም ጥርስ ያለው፣ የፊቱ ባለ መስመር። (መንገደኛዋ ለእኛ የያዘችው ሌላ ዕቃ ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር፤ የእናቴ ሽቶ ሳይቀር።) እነዚህን ይዘን ወደ ሸለቆው ከተሞች ወረድን። ስምጥ ሸለቆን ለማወቅ ብዙ መንገድ አለ፤ በአንድ አሥረኛ መኪና ማወቅ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ነው፤ ዓይንህ ከመሬቱ አይነሣም።

ወንጂ የሸንኮራ ማሳዎቹ መሃል ያለው መንገድ በትራክተር ተደጋግሞ ተረግጦ ልሙጥ ሆኗል። እዚያ ረጅሙ ጥርስ ተሸነፈ። ጠንካራ መሬት ላይ ረጅም ጥርስ ይጎብጣል፣ መኪናዋ ትወላገዳለች፤ አጭርና ለስላሳ ጥርስ ነው የሚፈለገው። የሞጆና የቢሾፍቱ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ መኪናዋ ስንጥቁ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፤ ትቀበራለች ማለት ይቀላል። በክረምት ደግሞ መረሬው ጥርሱ መሃል ገብቶ አይወጣም፤ ጎማው የጭቃ ድብልብል ይሆናል፤ ያኔ ከደንሎፕ ጀምሮ ማንም አያድናችሁም። ለጤፍ የተፈጠረ አፈር ነው፤ ለጤፍ ይተውለት። ባቱና መቂ አካባቢ መሬቱ ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ረጅሙ ጥርስ እዚያ ነገሠ። ላንጋኖ ዳር ያለው አሸዋ ግን ከጥርስም በላይ ይጠይቃል፤ ለእንዲህ ያለው የሚሠራ መቅዘፊያ ያለው ጎማ አለ፣ እኛ አልነበረንም፤ መኪናዋ ባለችበት ጉድጓድ ቆፍራ ተኛችበት። አብያታ ዳርን በጭራሽ አትሞክሩት። ላዩ ነጭ ደረቅ ቅርፊት ነው፣ ሥሩ ጭቃ፤ በአራቱም ጎማ የሚገፋ እውነተኛ ተሽከርካሪ የያዙ ጎብኚዎችን የዋጠ ቦታ ነው። በሌላው ጫፍ መተሐራ ዙሪያውን የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ ፈሶበታል፤ እዚያ ፍጥነት የለም፣ ድንጋይን የሚያቅፍ በጣም ለስላሳ ትልቅ ጎማና ትዕግሥት ብቻ። ልጁ ትዕግሥቱን አላመጣም።

ወደ አዳማ ስንመለስ የመጨረሻው ትምህርት ጠበቀን። ልጆቹ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ክብ መንገድ ሠርተው ነበር። ጠዋት ረጅሙ ጥርስ ሁሉን ቀደመ። መኪናዋ በዞረች ቁጥር ግን አቧራው ወደ ዳርና ዳር ተጠረገ፤ የምትሄድበት መስመር ጠንክሮ ወጣ፤ ከቀትር በኋላ ያው ጎማ መዝለልና መወላገድ ጀመረ። ልጁ ሮጦ አጭሩን ጥርስ ገጠመላት። ንፋሱ ተነሥቶ አቧራውን መልሶ አለበሰው። ሮጦ ረጅሙን ገጠመ። ባለጋሪው ቆሞ ይህንን ሲያይ ቆየና፣ ፈረሱን መታ መታ አድርጎ፣ ኮቴው በሁለቱም እንደሚሠራ ለልጁ ነገረው።

የወንድሜ ልጅ ሲመለስ መኪናዋን እኔ ዘንድ ተዋት። «ለሚቀጥለው ዓመት ትቆየኝ» ነው ያለው፤ የሰፈሩ ሰው ግን የእኔ እንደሆነች ወስኗል፤ ስቆም ቆመው ስለ ጎማ ይመክሩኛል። እኔም ፍርዴን ልስጥ። ለአዳማ በጋ፦ ኋላ መካከለኛ ርዝመት ያለው፣ የተራራቀ ጥርስ፣ ላስቲኩ ለስላሳ፤ ፊት ባለ መስመር። በጣም ለስላሳውን የጠጠሩ መንገድ ቶሎ ይበላዋል፤ ደረቁ አያልቅም ግን አይዝም። ከሰኔ እስከ መስከረም ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ።

እንግዲህ ከውጭ ወደ አዳማ የምትመጡ ወገኖች፣ ቸኮሌቱን አሳንሱና ይህንን ያዙልኝ፤ እኔ እዚህ ገበያ ፈልጌ አላገኘሁትም። ጎማው ለ2.2 ኢንች ቸርኬ የሚሆን፣ መግጠሚያው 12 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን። ስፖንጁ ውሃ የማይጠጣው ዓይነት ይሁን፤ ጎሚስታችን ገንዳውን አልተወም።